ያልተመለሰው ቢጫ ካፖርት

ክቡር ኃላፊያችን አቶ ታረቀኝ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከሁሉ በፊት ለዚህ ዝግጅት ለደከማችሁ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ምግቡ ዓሣ መሆኑ ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ በላን። ስለ ስጦታው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፔርሙዙ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው፤ ብርድ ልብሱ እንዲወስደኝ ነው። የቱን ነው የምታዝዙኝ?

የንብረት ክፍሏ ተሾመች ለስጦታው አዋጥታም አልለቀቀችኝም። ክሊራንሴ ላይ አንድ ዕቃ ይቀራል ብላ ከጠዋት ጀምሮ ትከተለኛለች፤ ቢጫው የዝናብ ካፖርት። ቆይ ተሾመች፣ እመጣበታለሁ።

አቶ ታረቀኝ ቅድም ሲናገሩ "ዘይኑልአቢዲን የሐይቃችንን ውሃ ልክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ቀን ሳያጓድል አንብቧል" አሉ። አጨበጨባችሁ። ምስክር ወረቀቱም ላይ እንዲሁ ተጽፏል፤ ይኸው እጄ ላይ ነው። ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ መርቄ መቀመጥ እችል ነበር። ባለቤቴ ራህመትም ከቤት ስንወጣ "አደራህን፣ ያን ነገር እንዳታነሳ" ብላኛለች። አሁን እዚያ ጥግ ሆና ዓይኗን እያጉረጠረጠችብኝ ነው። ይቅር በይኝ ራህመት፤ ላነሳው ነው።

በመጀመሪያ ሐሜቱን ላጥራው። በአርባ ስምንት ዓመቱ የጭነት መኪና ሹፌር የሚሆን ሰው ምን ነክቶት ነው ተብሏል። ደመወዝ አንሶት ነው ያለ አለ። ከአቶ ታረቀኝ ጋር ተጣልቶ ነው ያለም አለ። ከአቶ ታረቀኝ ጋር ስንጣላ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ለዚያ ብሄድ ኖሮ ድሮ ነበር የምሄደው። እርግጥ ነው፣ የራህመት ወንድም አብዱልከሪም ሲኖ ትራኩን አምኖ ሰጥቶኛል። ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ጭኜ፣ በአምባሰል በኩል አቋርጬ ወልዲያ አደርሳለሁ። የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃዴንም በመጀመሪያው ፈተና ነው ያገኘሁት፤ ያላመነ መጥቶ ይይ። ግን የመኪና ፍቅር ይዞኝ አይደለም የምሄደው። የምሄደው ፈርቼ ነው።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ፤ ለእንግዶች ያህል ልናገር። ውሃው ዳር ቁጥር የተጻፈበት ብረት ቆሟል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እወርዳለሁ፣ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አያለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓትም እንደዚያው። መዝገቡን በወር አንዴ ለቢሮ አስረክባለሁ። አለቀ። ለዚህ ሥራ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መሄድ ብቻ ነው።

ከብረቱ አጠገብ የእማ ሰዓዳ ማሳ አለ። ሱብሒ ሰግደው ሽንኩርታቸውን ሊኮተኩቱ ይወጣሉ። "አሰላሙ አለይኩም ዘይኑ፣ ውሃው እንዴት አደረ?" ይሉኛል። "ወአለይኩም አሰላም፣ ደህና አድሯል እማ" እላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተባብለናል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ጭቃ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ። ወጌሻው "አርባ ቀን እንዳትረግጥበት" አለኝ። ለቢሮ ማመልከት ነበረብኝ፤ አላመለከትኩም። ለምን? "አንድ ቀን ሳያጓድል" መባሉ ጥሞኝ ነበር። ስለዚህ በእኛ ሥራ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም የማያወራውን ነገር አደረግሁ፤ ቤት ተኝቼ መዝገቡን ሞላሁ። ዝናቡን በቆርቆሮው ድምፅ እሰማለሁ፣ ከትናንቱ ላይ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር እጨምራለሁ። አርባ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ።

እግሬ ሲሻለኝ ወረድኩ። እማ ሰዓዳ ማሳቸው ላይ ናቸው። ሰላም አልኳቸው፤ ቀና አላሉም። ደገምኩ። መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ አኖሩና "ዛሬ አፍህ ተከፈተ?" አሉኝ።

"ምነው እማ?"

"አርባ ቀን ሙሉ በየማለዳው እየመጣህ እዚያ ትቆማለህ። ሰላም እልሃለሁ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ትጽፍና ዝም ብለህ ትሄዳለህ። ምን በደልኩህ ዘይኑ? ሰላም የምነፈግ ምን አደረግሁ?"

"እማ፣ እኔ እኮ ታምሜ ተኝቼ ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ። እግሬ ላይ ያለውን ፋሻም አዩ። "ታዲያ ያንተን ቢጫ ካፖርት ለብሶ የሚመጣው ማነው?" አሉኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። አላመኑኝም፤ አፍሬ ሰበብ የፈለግሁ መሰላቸው።

ካፖርቱ አርባ አንዱንም ቀን ከመኝታ ቤቴ በር ኋላ ተሰቅሎ ነበር። እያየሁት ነበር የምተኛው። ቤት ገብቼ ራህመትን ጠየቅኋት። "እኔስ ልጠይቅህ አልነበር?" አለችኝ። "በየጠዋቱ ጫፉ ርሶ አገኘዋለሁ። ጣሪያው የሚያፈስ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርኩለት።" ኪሱ ውስጥ እጄን ብሰድ እርሳሴን አገኘሁ። ሐምሌ ላይ ያልተቀረጸች አዲስ ነበረች፤ አሁን የጣት አንጓ ታህላለች። እኔ ቤት ስሞላ የነበረው በእስክሪብቶ ነው።

እስከዚህ ድረስ እንኳ የእማ ሰዓዳ ዓይን ደክሟል፣ ቤታችን ያፈሳል፣ እርሳሱን አንድ ልጅ ጨርሶታል ማለት ይቻላል። ብዬም ነበር። ጳጉሜን ላይ ግን የሐይቁን ውሃ የሚያጠኑ ባለሙያዎች መጡ። ክረምቱን ሙሉ በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ውሃው ውስጥ ተክለው ኖሯል፤ አውጥተው ከመዝገቤ ጋር አስተያዩት። እኔ ላብ በላብ ሆኜ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ተዋረድኩ ብዬ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል፣ እርስዎም ከእነሱ ጋር ነበሩ፤ ያስታውሳሉ? ከወረቀቱ ቀና ብለው "ዘይኑ፣ ሐምሌም ነሐሴም አንድ ሳንቲሜትር ስህተት የለህም" አሉኝ። ቢሮው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

ከራሴ የፈጠርኩት የመሰለኝን ቁጥር አንድ ሰው በዝናብ ቆሞ እያነበበ ይሰጠኝ ነበር ማለት ነው። እሱ ሠራተኛ ከሆነ እኔ ተኝቼ የነበርኩት ምን ነበርኩ? ይህን ጥያቄ ይዞ ሰው እንዴት ደህና እንቅልፍ ይተኛል? ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ስወርድ ቦታዬ ላይ የቆመ ሰው ባገኝስ እያልኩ ነው። አላገኘሁም። አለማግኘቴም አላረጋጋኝም።

የጭነት መኪናን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ቤት ተኝተህ መሪ አይዞርም። አራት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ጭነህ ቁልቁለት ስትወርድ፣ ፍሬኑን የረገጠው እግር የማን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

መጋቢት ላይ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ኮምቦልቻ ሄድኩ። ልለቅ መሆኔን ከራህመት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የቢሯችንን ሰሚሃን "ጉዳይ ገጥሞኛል፣ የዛሬን አንብቢልኝ" ብያት አነበበችልኝ። ሰሚሃ፣ አንድ ሰዓት ላይ ነው የወረድሽው፤ አውቃለሁ፣ አልቆጣሽም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የነበሩት እማ ሰዓዳ ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ከሩቅ እየሳቁ ጠበቁኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት ታረቅን" አሉኝ።

"ትናንት?"

"ሰላም ስልህ ዞር ብለህ መለስክልኝ እኮ። ቀልድም ጨመርክበት።"

"ምን አልኩዎት እማ?"

"'ዘይኑ ሄዷል፤ እኔ አለሁ' አልከኝ።"

እየሳቁ ኩትኳቶአቸውን ቀጠሉ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ወራት ሙሉ ተቀይመውኝ ያን ቀን ገና ደስ ብሏቸው ነበር፤ አስደንግጬ ልነጥቃቸው አልቻልኩም። በዚያው ቀን የመልቀቂያ ማመልከቻዬን ጻፍኩ።

እንግዲህ አቶ ታረቀኝ፣ ይህን ምስክር ወረቀት ልመልስልዎ ነው። አይቆጡኝ። ፈርሜ ያመጣሁት ደብዳቤም አለ፤ ካለፈው ሐምሌ አሥራ ሁለት እስከ ነሐሴ ሃያ ሁለት ባሉት ቀናት ላይ "ዘይኑልአቢዲን አላነበበም" ተብሎ ይጻፍልኝ። ቁጥሩ ልክ ነው እኮ ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ የእኔ ግን አይደለም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ስሜን ብቻ ይዤ ልሂድ፤ እሱንም ላጣው አልፈልግም።

ሰሚሃ እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ መዝገቡ ያንቺ ነው። ከታመምሽ ክፍቱን ተይው። ባዶ መስመር አያሳፍርም፤ ቤት ሆነሽ ከሞላሽው ግን የሚሞላልሽ ታገኛለሽ። ስትወርጂ ብረቱን በእጅሽ ንኪው። እማ ሰዓዳ ሰላም ሲሉሽ ጮክ ብለሽ መልሺላቸው፤ ድምፅሽን ይልመዱት።

ተሾመች፣ አሁን ወዳንቺ መጣሁ። ቅድም "ካፖርቱን ረሳሁት" ያልኩሽ ውሸት ነው። ዛሬ ጠዋት ላመጣልሽ ከበሩ ኋላ ሄጄ ነበር። ያገኘሁት ምስማሩን ብቻ ነው። ራህመትም አላነሳችውም፤ ጠይቂያት። ሒሳቡን ቁረጡብኝ፤ ፍለጋ ግን እንዳትሄዱ።

በሉ እንደ አገራችን ልመርቃችሁ፤ አሚን በሉ። ዝናቡን በልኩ ያምጣላችሁ፤ ውሃው ከልኩ አይለፍባችሁ። እህላችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግ። የእጃችሁን ሥራ በገዛ እጃችሁ ያሠራችሁ። ከቤት ስትወጡ ሙሉ ሆናችሁ ውጡ፤ ስትመለሱም ቦታችሁ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችሁ። ለእኔም መንገዱን ያቅናልኝ በሉኝ። አሚን።

ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጭኜ በከተማችን አልፋለሁ። ሦስት ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ፤ ያ እኔ ነኝ። በዚያው ሰዓት ውሃው ዳር ቢጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ብታዩ ሰላም በሉት፤ ከእማ ሰዓዳም ጋር ታርቋል። በስሜ ግን እንዳትጠሩት።