ከዘፈኑ በፊት ያለው ትንፋሽ

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ የምትሰሙኝ ሁሉ፤ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የምትቀመጡበት ወንበር ስለሌለ አላስረዝምም።

እኔ ድራም መቺው ነኝ። ከኋላ ስለምቀመጥ ብዙዎቻችሁ ፊቴን አታውቁትም። ዛሬ የምንሸኘውን እሱን ግን ታውቁታላችሁ። ትራምፔቱን ያልሰማ እዚህ የለም። ሠርጋችሁ ላይ ሰምታችሁታል። ታክሲ ውስጥ ሰምታችሁታል። የሬዲዮ ዜና ሊጀምር ሲል ሰምታችሁታል። ከእሱ በኋላ የመጣ ትራምፔት ነፊ ሁሉ እሱን ለመምሰል ሲታገል ነው የኖረው። እኛ የባንዱ ሰዎች ስሙን ጠርተነው አናውቅም። ወናፍ ነበር የምንለው።

ስሙን ያወጣችለት ዘፋኛችን ናት። ያቻትላችሁ፣ ከሴት ልጁ አጠገብ የቆመችው።

የመጀመሪያ ልምምዳችን ልብስ ሰፊዎች ካሉበት ፎቅ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ከላይ የስፌት መኪና ይንጫጫል፣ ከታች እኛ። አዲስ ገቢ ነኝ። ጎበዝ መስዬ ለመታየት ዱላዎቼን አጋጨሁና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አልኩ። ትራምፔቱን ከከንፈሩ አወረደው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየቆጠርኩ ነዋ።»

«እኔ በግ ነኝ እንዴ የምትቆጥረኝ? ስተነፍስ ስማና ግባ።»

አየር ሳበ። ያንን አሳሳብ እንዴት ልንገራችሁ? ከስፌት መኪናው ጫጫታ በላይ ይሰማ ነበር። ዘፋኛችን «ኧረ ይሄስ የአንጥረኛ ወናፍ ነው» አለች። እኔ ግን ገባኝ። ፍጥነቱ ትንፋሹ ውስጥ ነበር። አጭር ከሳበ ዘፈኑ ይሮጣል። ረጅም ከሳበ ያዘግማል። እሱ ሳበ፣ እኔ መታሁ፣ ሁላችንም አንድ ላይ ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆጥሬ አላውቅም። አርባ ዓመት ያህል በእሱ ትንፋሽ ነው የጀመርኩት።

አዳራሹ ውስጥ መብራት የጠፋ ቀን የነበራችሁ አላችሁ? እጃችሁን አታውጡ። ከአዳራሹ ወንበር ይልቅ ነበርኩ የሚለው ሰው ይበዛል።

ከምሳ በኋላ ነው። መስኮት የሌለው አዳራሽ። አንድ ዘፈን ጨርሰን ሁለተኛውን ልንጀምር ስንል ድርግም አለ። ማይኩ ሞተ፣ ጊታሩ ሞተ፣ ኪቦርዱ ሞተ። ሰው መጮህ ጀመረ። ወንበር ተገለበጠ። በሩ ላይ መገፋፋት ሆነ፤ አንዲት ሴት «ልጄን፣ ልጄን» ትላለች። ወናፍ በዚያ ጨለማ ውስጥ አየር ሳበ። ረጅም። የራሴን እጅ አላየውም፣ የት እንደማርፍ ግን አወቅኩ። ትራምፔትና ድራም እኩል ወረዱ። ዘፋኛችን ያለ ማይክ ተቀበለች። ግፊያው ቆመ። መብራት እስኪመለስ ድረስ ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሰማን። የሙዚቃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ያንን ቀን ጽፈውታል። ትራምፔቱን ጽፈዋል። የእሷን ድምፅ ጽፈዋል። ትንፋሹን የጻፈ አላየሁም።

ሸክላዎቻችን ላይ ግን ነበር። ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ ይሰማ ነበር።

ባለፈው ዓመት አሮጌ ሥራዎቻችንን አድሰው ሊያወጡ ስቱዲዮ ጠሩን። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ክፉ አላሰቡም። ወናፍን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡት፣ ማዳመጫ ሰጡት። እስከ መጨረሻው ሰማ። አወለቀው።

«እኔ የት ሄድኩ?» አለ።

«አሉ እንጂ ጋሼ። ትራምፔቱ እንዴት ጠርቶ እንደሚሰማ አላዩም?»

«ከትራምፔቱ በፊት ነው የምለው።»

«እ፣ እሱን አጸዳነው። ሁሉም ዘፈን ላይ የንፋስ ድምፅ ገብቶበት ነበር።»

ወደ እኔ ዞረ። «ሰማህ? ንፋስ ነው የተባልኩት።»

ሳቅን። ደረጃውን ስንወርድ ግን በየፎቁ እየቆመ ግድግዳ ይደገፍ ነበር። ሳንባው ያኔም ታሞ ነበር። ለማንም አልተናገረም። በሳምንቱ ያልተነካውን ስጡን ብለን ተመለስን። ዋናው ቴፕ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ተልጦ አልቋል፣ ያለው የጸዳው ብቻ ነው አሉን። ቤቴ ሄጄ የራሴን ሸክላ አወጣሁ። መጀመሪያው ተበልቷል። ለካ ሰው ሁሉ መርፌውን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። ከሁሉ በፊት የሚያልቀው እሱ ነው።

ሆስፒታል ሴት ልጁ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተቀምጠናል። ኦክስጅን ተደርጎለታል፤ መናገር ትቷል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ውጭ ሰው መኪና ያጥባል። ድንገት አየር ሳበ። ረጅም። እንደ ምድር ቤቱ፣ እንደ አዳራሹ። ትልቁን ድራም የምመታበት እግሬ ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም፣ ራሱ ነው የተነሳው። ሴት ልጁ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ሊገባ ነው» አልኳት።

ጠበቅኩ። እሷም ጠበቀች። የሳበውን አልመለሰውም።

አሁን ለምን እንደማንጫወት ልንገራችሁ። የመቃብሩ በር ላይ ዕቃችንን የጫነውን መኪና አይታችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሴት ልጁ አንድ ዘፈን ብቻ ብላ ለምናን ነበር። ዛሬ ጠዋት ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ከባንዱ የቀረነው እኔ፣ ዘፋኛችንና ኪቦርድ ተጫዋቹ ነን። ተቀመጥን። ማንም አልጀመረም።

«ቁጠር እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ ዘፋኛችን።

ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እሷ ቀደመች። ኪቦርዱ ዘገየ። እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም። እንደገና ቆጠርኩ። ያው። ዕድሜዬን ሙሉ የመታሁት ዘፈን ነው። መጀመሪያው ጠፋብኝ። «ተወው በቃ» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዕቃውን እንዳለ መኪና ላይ ጫንነው። እዚህ ስንደርስ ይመጣልን ይሆናል ብለን ነበር። አልመጣም።

ልጄ፣ ይቅር በይን። ለአባትሽ አንዲት ዘፈን መጀመር አቃተን።

ሰዎች ሥራው ይኖራል ይሉኛል። የትኛው ሥራ? የጸዳው? እናንተ ቤት አሮጌ ሸክላ ካለ፣ መጀመሪያው ያልተበላ፣ እባካችሁ አትጣሉት። አምጡልኝ። መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። ዘፈን የሚወድ ሰው ሸክላ አስቀምጦ አያይም፤ ያጫውተዋል።

ወናፍ፣ ዛሬ የሚያጽናና ነገር ይዤ አልመጣሁም። ባገኝ ኖሮ ለልጅህ እሰጣት ነበር። አፈሩን ሊመልሱብህ ነው፣ እኛም ወደየቤታችን ልንሄድ ነው። ደህና ሁን ወንድሜ። እግሬ ያን ቀን እንደተነሳ ነው።