መርፌው የቆመበት ጣቢያ

ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና በሚሄደው ላንድሮቨር ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ባለሱቅ ሴትና ሬዲዮ ሠሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ሱቅህን መልሰህ ከፈትክ አሉ፤ እንኳን ደስ አለህ!»

«አዎ እትዬ፣ ሥራው ነፍስ እየዘራ ነው። ሰው ፈርቶ የደበቀውን ሬዲዮ እያወጣ ነው።»

«እኔም ባትሪ ድንጋይ መሸጥ ጀምሬያለሁ። ታዲያ ምነው ፊትህ ገረጣ?»

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሬዲዮውን አምጥቶልኝ ነበር።»

«እሱ ካመጣማ ማን ይነካሃል?»

«ሠርቼ ስከፍተው መርፌው ያ መስማት የተከለከለው የወንበዴዎቹ ጣቢያ ላይ ነው።»

«በስመ አብ! ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ዝም ብዬ መርፌውን ወደ አዲስ አበባ ጣቢያ መለስኩና ሰጠሁት።»

«መለስክለት?»

«ለሁሉም ደንበኛ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ኬላ ላይ ቢከፈትባቸው እንዳይያዙ ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ! ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው እኮ ማየትህን ያውቃል።»

«አወቀ እኮ። ነገ ጠዋት ቀበሌ ድረስ ና ብሎ ልኮብኛል።»



እኔም ላሠራው የያዝኩትን ሬዲዮ ጋቢዬ ውስጥ አቅፌ፣ መርፌውን የት ላይ እንደተውኩት ለማስታወስ ሞከርኩ።