የቅዳሜው ወንበር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉለሌ፤ ወይዘሮ ትርንጎ የልጅ ልጃቸውን የመቅድምን የደም ምርመራ ወረቀት መነጽራቸው ሥር አስጠግተው ይመረምራሉ፤ መቅድም መስታወት ፊት ሻሿን ታስራለች።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ነጩ ደምሽ ወረደ ያሉት ወዴት ነው የወረደው?

መቅድም፦ ወደ ታች ነዋ፣ እማዬ።

ትርንጎ፦ አትቀልጂብኝ! እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ደም ቀይ ነው። ነጩን ከየት አመጡት? አመጡትስ እሺ፣ አሁን የት ሄደ?

መቅድም፦ የትም አልሄደም። ቁጥሩ ነው ያነሰው። ከኬሞ በኋላ ያለ ነገር ነው፤ በሦስተኛው ዙርም እንዲሁ ነበር። በሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ትርንጎ፦ ከተመለሰ ቤት ያግኝሽ! ታክሲ ለታክሲ እየዞረ ይፈልግሽ? ይኸው፣ "ሰው ከበዛበት ቦታ ራቂ" ይላል። ከሥሩ በእስክሪብቶ አስምረውበታል፤ ሁለት ጊዜ።

መቅድም፦ አይቼዋለሁ።

ትርንጎ፦ ካየሽው ሻሹን ለማን ታስሪዋለሽ? ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሰበሰቡበት የተረት ቤታችሁ ዛሬ የለም። አንዱ ቢያስነጥስስ? አንዱ ቢስልስ? አትሄጂም ብያለሁ፣ አትሄጂም። ከፈለግሽ ረግጠሽኝ እለፊ።

መቅድም፦ እሺ።

ትርንጎ፦ ምን እሺ?

መቅድም፦ አልሄድም።

ትርንጎ፦ እንዲህ በቀላሉ? አመመሽ እንዴ? ግንባርሽን አምጪ!

መቅድም፦ ሠላሳ ስድስት ከስምንት ነው፤ አሁን ለካሁት። ደህና ነኝ። እኔ አልሄድም፤ አንቺ ትሄጃለሽ።

ትርንጎ፦ የት?

መቅድም፦ የሕሙማን ማረፊያ ቤቱ፣ ተረት የምናወራበት። እኔ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ።

ትርንጎ፦ በስመ አብ! መድኃኒቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ታማሚዋ አንቺ፣ ሂያጇ እኔ?

መቅድም፦ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሲስተር ፍሬሕይወት ሻይ ታፈላለች፤ እናንተ ክብ ሠርታችሁ ትቀመጣላችሁ።

ትርንጎ፦ "እናንተ" አለችኝ! ገና ሳልወጣ ከእነሱ ደመረችኝ! የማላውቃቸው ሕመምተኞች መሀል ተጎልቼ ተረት ላውራ?

መቅድም፦ ትንሽ ታወሪያለሽ፣ ስትደክሚ አጠገብሽ ያለው ይቀበልሻል። እሱ ካቆመበት ደግሞ ሌላው ያነሳል። ተረቱ አንድ ነው፣ አፉ አሥራ ሁለት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ትይ የለ?

ትርንጎ፦ እሱን የምለው ለወሬ ነው። ደውዪና "አልመጣም፣ አለሁ" በያቸው። ስልክ ለምን ተሠራ?

መቅድም፦ እኛ ጋ ስልክ አይታመንም።

ትርንጎ፦ ለምን አይታመንም?

መቅድም፦ አንዲት ከአርባ ምንጭ የመጣች ነበረች። "ጉንፋን ነው፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ" እያለች ሁለት ሳምንት ደወለች። በሦስተኛው የደወለው ወንድሟ ነው።

ትርንጎ፦ እንዲህ ያለውን በጠዋቱ ምን ልሁን ብለሽ ትነግሪኛለሽ? ነፍሷን ይማር። ስንት ዓመቷ ነበር? ተዪው፣ አትንገሪኝ።

መቅድም፦ ከዚያ ደግሞ ጋሽ ባይሳ ቀሩ። የድሮው የአውቶቡስ ሹፌር፤ አውርቼልሻለሁ።

ትርንጎ፦ እኚያ ጉሮሯቸውን የታመሙት? እሳቸውም?

መቅድም፦ ቆይ ስሚኝ። ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ማንም ምንም አላለም፤ ግን ተረቱ አልሄድ አለ። የሚያወራውም የሚያዳምጠውም ዓይኑ ያ ወንበር ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ከመሀላችን እናኑ የምትባለው አለቀሰች፣ እኔ ተከተልኩ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሲስተር ፍሬሕይወት "ተነሡ፣ እንጸልይላቸው" አለች። ተነሥተን ቆመን ሳለ ጋሽ ባይሳ በፌስታል ቆሎ ይዘው ገቡ። ታክሲ አጥተው ነው።

ትርንጎ፦ ኧረ ወዲያ!

መቅድም፦ ደንግጠው "ማን ሞተ?" አሉ። እናኑ "እርስዎ" አለቻቸው።

ትርንጎ፦ ኪኪኪ! አታስቂኝ፣ ተናድጃለሁ። እሳቸውስ ምን አሉ?

መቅድም፦ ቁጭ ብለው ትንሽ አለቀሱ። "ጥሩ ሰው ነበርኩ" አሉ።

ትርንጎ፦ አቤት! እኒህስ ሰው ናቸው።

መቅድም፦ በዚያው ዕለት ሕግ አወጣን። የቀረ ሰው ከቤቱ ሰው ይልካል፤ መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ "አለች፣ እንዲህ ሆና ነው" ይላል። ዛሬ ማንም ካልሄደልኝ አሥራ አንድ ሰው እኔን ሲቀብር ይውላል።

ትርንጎ፦ ቱ! ምላስሽን! ጠላትሽ ይቀበር! ሌላ ሰው ላኪ።

መቅድም፦ ከቤቱ ነው የተባለው። እዚህ ቤት ያላችሁት አንቺና ድመቷ ናችሁ።

ትርንጎ፦ ድመቷ ትሂድ።

መቅድም፦ እሷማ አትጨቃጨቅም ነበር።

ትርንጎ፦ አንቺ ልጅ፣ አልገባሽም። እዚያ ግቢ ወጥ የምትሠራው የጎረቤታችን የጠጄ እህት ናት። አንቺን እንኳ በዚያ ማስክ ማንም አይለይሽም። እኔ ገብቼ ከተቀመጥኩ ግን ከምሳ በፊት ጠጄ ትሰማለች፣ ከምሳ በኋላ ዕድሩ ይሰማል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት።

መቅድም፦ ምን ብለው ይሰማሉ?

ትርንጎ፦ እሱን ነዋ! ያንን ነገር!

መቅድም፦ ካንሰር ነው፣ እማዬ። ሲጠሩት አይጨምርም።

ትርንጎ፦ ቀስ በይ! ግድግዳው ጭቃ ነው። እኔ ለሰፈሩ ጨጓራ ነው ብያለሁ።

መቅድም፦ ፀጉሬንስ?

ትርንጎ፦ ስለት ነው ብያለሁ።

መቅድም፦ ቅንድቤንስ?

ትርንጎ፦ ከባድ ጨጓራ ነው ብያለሁ! ምን ታደርቂኛለሽ? አመኑኝ እኮ። ባያምኑኝ ያን ሁሉ ተልባ ይዘው ይመላለሱ ነበር? ጠጄ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ባለሱቁ፣ እነ እልፍነሽ ሳይቀሩ! አንቺ ደግሞ አልጠጣም አልሽ። ብርጭቆው ሙሉውን እንዳይመለስ ስል እኔው ስጠጣው ሞትኩ። ሦስት ወር ተልባ! ሆዴ ውስጥ እርሻ ሳይበቅል አይቀርም።

መቅድም፦ ለማን ያመጡት ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ ላንቺ ነዋ።

መቅድም፦ ጠጄ ባለፈው በር ላይ ይዛኝ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? "አያትሽ እህል አትቀምስም፣ በሐሳብ ጨጓራዋን ላጠችው፣ ስትጠጣ ቆመሽ እዪልኝ" ነው ያለችኝ።

ትርንጎ፦ የማንን ጨጓራ?

መቅድም፦ ያንቺን። ያውቃሉ፣ እማዬ። የጠጄ እህት ከመጀመሪያው ቅዳሜ ነው የለየችኝ፤ "የትርንጎ ልጅ" ብላ በርበሬ ያልነካው ወጥ ለብቻዬ ታወጣልኛለች። ሰፈሩ ውስጥ ጨጓራም ተብለሽ የምትታወቂው አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ ውይ ጉዴ! እና ሦስት ወር ሙሉ ቆሜ ስዋሽላቸው "እግዜር ይማራት፣ ጨጓራ እኮ መጥፎ ነው" ይሉኛል? እልፍነሽ ደግሞ "ጎመን ከልክያት" ብላኛለች!

መቅድም፦ አብረውሽ ዋሹ። ብቻሽን ከምትዋሺ ብለው።

ትርንጎ፦ አሁን በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው? ውሸታም አሮጊት ሆንኩ እኮ!

መቅድም፦ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የምትለው ሴትዮ የት ሄደች?

ትርንጎ፦ እሱን የምለው ለሰው ልጅ ነበር። ለራስ ሲሆን ተረቱም አይመጣም። ... ለመሆኑ ያ ተረታችሁ ስለ ምንድን ነው? አልሄድም። እንዲያው ነው የምጠይቅሽ።

መቅድም፦ ስለ አያ ጅቦ ነው። አንድ መንደር መግቢያ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ አልሄድም፣ ሰውም አላሳልፍም አለ።

ትርንጎ፦ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።

መቅድም፦ እሱ ደግሞ ቁርበቱ ሲነጠፍለት ትራስ ጠየቀ። እናኑ ጠላ አጠጥታ አሰከረችው። አንቀላፋ፣ ሰዉ ወፍጮ ቤት ደርሶ ተመለሰ። ስካሩ ሲለቀው እዚያው ነው።

ትርንጎ፦ ጠላ ለጅብ! አረቄ ነበር እንጂ።

መቅድም፦ ጋሽ ባይሳ ሲደርሳቸው አውቶቡስ ላይ ጭነው ደሴ ወሰዱት።

ትርንጎ፦ ጅብ አውቶቡስ ላይ? ተሳፋሪውስ?

መቅድም፦ ከኋላ ወንበር ነው ያስቀመጡት።

ትርንጎ፦ ከኋላስ ቢሆን! ረዳቱ ምን አለ?

መቅድም፦ "ጠጋ ጠጋ በሉለት" አለ።

ትርንጎ፦ የረዳት ነገር! ይላል፣ ይላል። ታዲያ ደሴ ቀረ?

መቅድም፦ ተመለሰ። ከዚያ ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

ትርንጎ፦ አንቺስ ምን አደረግሽው?

መቅድም፦ አንዲት አሮጊት ጨመርኩ።

ትርንጎ፦ ምን ዓይነት አሮጊት?

መቅድም፦ ጎበዝ አሮጊት። ጅቡ የመጣ ዕለት የልጅ ልጇን ጎተራ ውስጥ ደበቀቻት። ጅቡ በሯን ባንኳኳ ቁጥር "ማንም የለም" ትለዋለች። "ማነህ?" ብላ አትጠይቀውም። ስሙን ከጠራች የሚገባ ይመስላታል።

ትርንጎ፦ ልጅቷስ?

መቅድም፦ ጎተራው ውስጥ ናት። ይጨልማል። ጅቡን እንኳ ለምዳዋለች። የሚያስፈራት የአሮጊቷ እግር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከበር ጓዳ፣ ከጓዳ በር ሲል ትሰማዋለች።

ትርንጎ፦ ይሄ ተረት ነው ሐሜት?

መቅድም፦ ተረት ነው።

ትርንጎ፦ ለአሥራ አንድ ሰው አወራሽው?

መቅድም፦ ስሟን አልነገርኳቸውም። ወደዷት ግን። ጋሽ ባይሳ "ይቺን አሮጊት አውቃታለሁ፣ እኔም ቤት አለች" አሉ። እናኑም አለችኝ አለች። ለካ በየቤቱ አንዳንድ አለች።

ትርንጎ፦ ምን ታድርግ ታዲያ! ጎተራ ከተተቻት እንጂ ለጅብ አልሰጠቻትም! ወጥታ "ግባ፣ ቤት ለእንግዳ" ትበለው? እናንተ ክብ ሠርታችሁ መሳቅ ነው። በር ላይ ቆማ የምትውለው እሷ ናት!

መቅድም፦ አልሳቅንባትም፣ እማዬ።

ትርንጎ፦ ከዚያስ?

መቅድም፦ ከዚያማ ሰዓቱ አለቀ። ዛሬ ከእኔ ወንበር ነው የሚጀምረው። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ሰነበትኩ፤ አሮጊቷ አሁን ምን እንደምትለው ልደርስበት አልቻልኩም።

ትርንጎ፦ ትችያለሽ እንዴ! ዘር ያላፈራ ሰው እሱን ከየት ያመጣዋል? በመጀመሪያ፣ "ማንም የለም" አትለውም። ጅብ ማሽተት ያውቃል፤ ማንን ታታልላለች? ይኸው ሦስት ወር "ማንም የለም" ብትለው ሄደ? አልሄደም። ሁለተኛ፣ ጎተራ እህል ይቀመጥበታል እንጂ ሰው ይህን ያህል አይከርምበትም። ልጅቷ ትታፈናለች።

መቅድም፦ ታፍናለች።

ትርንጎ፦ ...ታዲያ አልነገረቻትም? "ታፈንኩ" አላለቻትም?

መቅድም፦ አሁን ነገረቻት። እማዬ?

ትርንጎ፦ አጥሚቱ ፔርሙዝ ውስጥ ነው። ጠጄን ከመስኮት ከጠራሻት ትሰማለች።

መቅድም፦ ጠጄን ለምን እጠራታለሁ? ... ነጠላሽን ምን ልትሆኚበት ነው? ... እማዬ፣ ተቆጣሽ? ... ቆይ፣ ጫማሽን ገልብጠሽ ነው ያደረግሽው፤ ቀኙ ግራ እግርሽ ላይ ነው። ... ታክሲውን ታውቂዋለሽ? ሰማያዊው በር ነው፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ። ... ኧረ አንድ ነገር ተናገሪ! ምን እንደምትለው እንኳ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ እንጂ! እማዬ! ... ... ሃሎ? ሲስተር ፍሬሕይወት፣ መቅድም ነኝ። ዛሬ አልመጣም። ደህና ነኝ፤ የደም ቁጥሬ ወርዶ ነው። ... አዎ፣ ስልክ እንደማይታመን አውቃለሁ። ወንበሬን እንዳታነሡት ብቻ፤ አሮጊቷ በሩን ከፍታ ወጥታለች።