ከካቡ ውስጥ የበቀለችው ወፍ ዘራሽ

ያን ቀን ከካቡ ማዶ የሰማሁትን ሁሉ ቃል በቃል አላስታውሰውም። አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። መሐል ላይ የራሴን ቃል የቀላቀልኩበት ቦታ ይኖር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንግግሮች ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ ናቸው።

«አባባ፣ ይህን የቀንበጥ እስር ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ወደ ሠርግ ነዋ! ወደ ቀብር መሰለሽ?»

ጠያቂዋ አሱንታ ነበረች፤ የእፅዋትን ዘረመል የምትመረምር፣ ከተማ ባለው ቤተ ሙከራ የምትሠራ የመንደራችን ልጅ። መላሹ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው አባባ ኦሮንዞ ናቸው፤ የክርስትና አባቷ። እናቷን ልትጠይቅ ስታልፍ፣ ሽማግሌው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የወይራ ቀንበጥ በባለሦስት እግር መኪናቸው ላይ ሲጭኑ አይታ ነው የቆመችው።

እኔ ደግሞ ካብ እክባለሁ። በደቡብ ኢጣሊያ፣ በሳሌንቶ ምድር ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይን በድንጋይ ላይ እያስቀመጥኩ እድሜዬን ጨርሻለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ መደርደሪያና ከሰው አፍ ነው። የካብ ሥራ እጅን ይይዛል እንጂ ጆሮን አይይዝም።

በዚያ ሳምንት የአባባ ኦሮንዞን የድንበር ካብ እየጠገንኩ ነበር። ካቡን ያፈረሰችው ከድንጋዮቹ መካከል የበቀለች ወፍ ዘራሽ ወይራ ናት። ሽማግሌው በየዓመቱ በመጥረቢያ ይቆርጧታል፣ እሷም በየዓመቱ ታቆጠቁጣለች። ጠዋት ሥራ ሲሰጡኝ፣ «ቪቶ፣ መጀመሪያ ይህችን ዲቃላ ከነሥሯ ንቀልልኝ። ከዚያ ካቡን በድሮው መስመር ላይ መልሰው፤ አንዲት ስንዝር መሬት ለጎረቤት እንዳታልፍ!» ብለው ራሳቸው ገመድ ወጥረው ሄደዋል። የመንቀሉን ሥራ ከምሳ በኋላ ላደርገው አቆየሁት። ጠዋቴን በመንቀል መጀመር አልወድም።

ወሬው ስለ እስሩ ነው። በዚያ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር፣ ቤተሰቡ «አያት» ብሎ ከሚጠራት ትልቅ ወይራ ሃያ ቀንበጥ ተቆርጦ ወደ አዲሱ ጎጆዋ ይሄዳል። ሦስቱ ሴት ልጆቻቸው እንዲያ ተድረዋል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ኒቭስ ወደ ሰሜን፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ላለ ሰው ቤት ልትዳር ነበር። አያት ግን ታማለች። እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ዛፎች አናቷ እሳት እንደለበለበው ደርቆ፣ ከግንዷ ሥር ብቻ ነው የምታቆጠቁጠው።

«ከእነዚህ ቀንበጦች አንዲቷም ከዚህ አገር እንዳትወጣ እለምንዎታለሁ» አለች አሱንታ።

«ለምን? ዓይን የለሽም? እይው አረንጓዴነቱን! የሞተ ዛፍ እንዲህ ያቆጠቁጣል?»

«ሞታለች አላልኩም፤ ታማለች ነው ያልኩት። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ በሽታው የለበትም ማለት አይደለም።»

«ክርስትና ያነሳሁሽ እኔ ነኝ። ጠበሉ ሲነካሽ ጢሜን ይዘሽ እሪ ያልሽ ልጅ፣ ዛሬ ስለ ወይራ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ስለ ጢምዎ ይቅርታ ጠይቄያለሁ አባባ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ ልጠይቅ?»

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ሳቃቸውን ዋጡት። ቀጥለው የተናገሩትን ባልሰማሁት በወደድኩ።

«አደባባይ ላይ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? በሽታውን ያመጡት እነዚያ የቤተ ሙከራ ነጭ ጋዋን ለባሾች ናቸው ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ... አላልኩም። ሲባል ግን ዝም ብያለሁ።»

አሱንታ የእስሩን ጆንያ በእጇ ያዘች። ከዚያ አሱንታ ቀስ ብላ፣ «አባቴ የተወልኝ አርባ ዛፍ ነው። አብራችሁ ነው የተከላችሁት። ሠላሳ ስምንቱ ደርቋል። የገዛ ቤቴን ነው ያቃጠልኩት፣ አባባ?» አለች።

እጃቸው ወደ ቆባቸው ሄደ። ሰው ሲያፍር ቆቡን አውልቆ መልሶ የሚያደርግበት አሠራር አለ፤ በካቡ ቀዳዳ ያየሁት ያንን ነው። የምቀኛ ወሬ ሐዘንተኛን እንዴት እንደሚያቆስል አንዳችን እንኳ አስበን አናውቅም ነበር። እኔም አደባባይ ላይ ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግን እንደ ሰው ንገሪኝ። እንደ መጽሐፍ አይሁን።»

«ዛፍ ውስጥ ከሥር እስከ ቅጠል ውሃ የሚወጣባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። ይህ ባክቴሪያ እዚያ ገብቶ ይራባና እንደ ሙጫ ይደፍናቸዋል። ያኔ ዛፉ ድርቅ የመጣ ይመስለዋል።»

«መሬቱ ረጥቦ ሳለ?»

«ረጥቦ ሳለ። ሁለት በጋ ሙሉ በበርሜል ውሃ ያመላለሱላት ለዚህ ነው ያልጠቀማት። ውሃው ሥሯ ድረስ ደርሷል፤ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ነው የጠፋው።»

ሽማግሌው ወደ አያት ዞሩ። ያንን በርሜል ሲገፉ መንደሩ ሁሉ አይቷቸዋል። ወገባቸው የጎበጠው በዚያ ነው።

«ታዲያ ሁሉም ወይራ ያልቃል ማለት ነው?»

«አይደለም። ዘረመል የሚባለው ከእናት ከአባት የሚወረስ መመሪያ ነው፤ እናቶች ለልጆቻቸው እንደሚያወርሱት የወጥ አሠራር ደብተር ያለ። ሁሉም ዛፍ ደብተር አለው። ልዩነቱ የተጻፈው ላይና ገጹ የሚገለጥበት ጊዜ ላይ ነው። አያት ሌባው ገብቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ከተኛ በኋላ ነው “ማነህ?” የምትለው። ጥቂት ዓይነቶች ደግሞ ገና መዝጊያውን ሲነካ ያውቁታል። ከነጭራሹ አያስወጡትም፤ ግን እንዲበዛ አይፈቅዱለትም።»

«እንደ ሚስቴ በይው። እኔ ገና ከመጠጥ ቤት ስነሳ እሷ ቤት ሆና ታውቃለች።»

«እንዲያ ያለ ዛፍ ነው የምንፈልገው» አለች አሱንታ እየሳቀች። «በደረቀው እርሻ መሐል አረንጓዴ ሆኖ የቀረውን ዓመቱን ሙሉ እንፈልጋለን። ከምናገኘው የሚበዛው ሰው ያልተከለው ነው።»

ይህን ስሰማ ድንጋዩ እጄ ላይ ቀረ። በሰው ወሬ መግባት ልማዴ አይደለም፤ ግን ቀና ብዬ፣ «አሱንታ፣ እዚህ እንድነቅላት ታዝዤ ከምሳ በኋላ ብዬ ያቆየኋት አንዲት አለች» አልኳት።

ዞራ መጣች። ወፍ ዘራሿ ከአያት አሥር እርምጃ አትርቅም። ቁመቷ ከእኔ ትከሻ አያልፍም፤ ጫፏ ድረስ ግን አንድ የደረቀ ቅጠል የለባትም። አሱንታ ተንበረከከች፤ ቅጠሏን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

«ማን ተከላት?»

«ማንም!» አሉ ሽማግሌው ከማዶ። «ወፍ ጥሏት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆረጥኳት፣ አልሞት ብላኝ።»

አሱንታ ከእግሬ ሥር ከሣሩ ላይ ነጭ አረፋ አነሳች። ልጆች ሳለን የወፍ ምራቅ እንለው የነበረ ነው። አረፋውን ስታብሰው ውስጡ የሩዝ ፍሬ የማታህል ነፍሳት ነበረች። «በሽታውን የምታዞረው ይህች ናት፤ ስታድግ ከታመመው ትመጥጥና ወደ ጤነኛው ትበራለች። አሁን በመጋቢት ሣሩን ቢያርሱት ሳትበር ትሞታለች። አባባ፣ እነዚህ ነፍሳት አሥራ አንድ ዓመት ሲመጥጧት የኖሩት ወፍ ዘራሽ ለምን አልደረቀችም?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከወፍ ዘራሿ ወደ እስሩ መለሱ። ከዚያ ሌላ ነገር አመለጣቸው፤ «እስሩን እንኳ ብታስቀሪኝ ምን ዋጋ አለው? የመጀመሪያው ግማሽ ባለፈው እሑድ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«ከሳቢኖ ጋር። ከሙሽራው አባት ጋር። አሥር ቀንበጥ።»

አሱንታ ከተንበረከከችበት ተነሳች። እዚያ፣ በሰሜኑ አገር፣ በሽታው አልደረሰም። የሳቢኖና የጎረቤቶቹ ወይራ እስከ አድማስ ድረስ ጤነኛ ነው። ያ ሁሉ ዛፍ፣ በዚያ ዛፍ የሚተዳደር ያ ሁሉ ቤተሰብ፣ በአሥር የሠርግ ቀንበጥ! ሽማግሌውም ይህን ያን ጊዜ ነው የተረዱት። «ለኒቭስ ስጦታ ብዬ...» አሉ።

ስልኬን አውጥቼ ሳቢኖ ጋ ደወልኩ፤ አባባ ኦሮንዞ እንደሚፈልጉት ነግሬ አቀበልኳቸው። ጆሯቸው ስለከበደ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ክቡር አማቼ!» አለ ሳቢኖ ከወዲያ። «እንዴት ሰነበቱ?»

«ቀንበጧስ?»

«ተከልናት እኮ! ምን ያለ ቦታ መሰለዎት! የጧት ፀሐይ የሚያገኛት፣ ከነፋስ የተከለለች፣ እያደገች ነው ልበልዎት...»

ሽማግሌው ስልኩን ለአሱንታ ዘረጉላት። አሱንታ ስልኩን ተቀብላ ማን እንደሆነች ነገረችው፤ ቀንበጡ በሽታ ተሸካሚ ሊሆን እንደሚችል፣ ዛሬውኑ ተነቅሎ መቃጠል እንዳለበት፣ በዙሪያው ያለውም መመርመር እንዳለበት ነገረችው። ከሳቢኖ ጀርባ የሚስቱ ድምፅ መጣ።

«ሳቢኖ! እውነቱን ንገራቸው እንጂ! ጋራዡ ውስጥ ከወይን ገንቦው ጀርባ አይደለም እንዴ ወርውረህ የተውከው? ከነጆንያው ነው ያለው፤ ሳትፈታው!»

«በሩስ ዝግ ነበር? ነፍሳት አልገቡም?» አለች አሱንታ።

«ከእሑድ ወዲህ አልተከፈተም» አለ ሳቢኖ፣ ድምፁ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ሆኖ። «አማቼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፍሬ ነው የዋሸሁት።»

አባባ ኦሮንዞ ቀይ ሆኑ። «የአያትን ቀንበጥ? ከገንቦ ጀርባ? ሳትፈታው?» አሉ። ከዚያ ትርጉሙ ገባቸው፤ ካልተፈታ አልተተከለም። ድንጋይ ክምሬ ላይ ቁጭ አሉና አማተቡ። «ሳቢኖ» አሉ፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ። ሰነፍ ስለሆንክ እግዚአብሔር አብዝቶ ይስጥህ! አሁን ሂድና ምድጃ ውስጥ ጨምራት፤ እስክትከስል ከአጠገቧ እንዳትነሳ።»

አሱንታ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከወዲያ ሚስቱም ትስቅ ነበር። ሰው ከገደል አፋፍ ሲመለስ እንዲያ ነው የሚስቀው። በልቤ አመሰገንኩ፤ አንዳንድ ጊዜ ምሕረት በሰው ስንፍና በኩል ትመጣለች።

አሱንታ ከአያትም ከወፍ ዘራሿም ቅጠል ወስዳ ሄደች። ሐሙስ ውጤቱን ይዛ ተመለሰች። አባባ ኦሮንዞ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሟት። የአያት ቀንበጦች፣ እነዚያ አረንጓዴዎቹ፣ በባክቴሪያ የተሞሉ ናቸው። ወፍ ዘራሿም ተይዛለች፤ በውስጧ የተገኘው ግን መሣሪያው በጭንቅ የለየው ያህል ጥቂት ነው።

«እንግዲህ እውነቱ ተለየ» አሉ። «ግን ለኒቭስ ምን ልስጥ? ከዚህ ቤት ባዶ እጇን የወጣች ሴት ልጅ የለችም።»

«ነፍሳት በማይገቡበት የመረብ ቤት ውስጥ የፈላ፣ የተመረመረ፣ በሽታውን የሚችል ዓይነት ችግኝ አለ። ማስረጃ ወረቀት አለው።»

«የማናውቀው ቤት ልጅ!»

«ኒቭስስ የምትዳረው ለማናውቀው ቤት ልጅ አይደል?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ይህችን ነው እንግዲህ ያነሳኋት» አሉ።

የተረፈውን ተነጋገሩ። አያት የደረቀው አናቷ ይነሳል፤ ግንዷ አይነቀልም፤ በጉቶዋ ላይ በሽታውን የሚችለው ዓይነት ቅርንጫፍ ይቀጠላል፤ ሥሯ የቀድሞው፣ ፍሬዋ አዲስ ይሆናል። ሣሩ በየመጋቢቱ ይታረሳል። ከእንግዲህ ከዚያ እርሻ አንድ ቀንበጥ፣ ለሠርግም ይሁን ለወዳጅ፣ ሳይመረመር አይወጣም። እኔ እዚህ ላይ የራሴን ጥቂት ልጨምር፤ ዛሬ በአያት ጉቶ ላይ ወይራ ይለቀማል። ሳቢኖ በደጁ የተተከሉትን ችግኞች ለሰው ሁሉ ያሳያል። የሰሜኑ መንደርም እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው። ልማድን የሚያከብር ሰው ልማዱ ለምን እንደተጀመረ ይጠይቅ፤ አባቶች ቀንበጥ የሰጡት ሕይወትን ለማሻገር ነበር፣ በሽታን ለማሻገር አልነበረም። የተማረውም እንደ አሱንታ እየሳቀና እየታገሠ ያስረዳ።

ያን ሐሙስ ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። አሱንታ ወፍ ዘራሿን ለብዙ ዓመት ልትከታተላት ትፈልጋለች። ዘሯ ደብተሯን እንዴት እንደሚገልጥ ቶሎ አይታወቅም። ወፍ ዘራሿ ደግሞ የቆመችው ልክ ካቡ በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ ከገመዱ ሥር ነው። ቦታ ትፈልጋለች።

አባባ ኦሮንዞ ገመዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከጎረቤታቸው ጋር ስለዚያች ስንዝር ሃያ ዓመት ተኳርፈዋል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ችካሉን በገዛ እጃቸው ነቀሉና፣ በራሳቸው እርሻ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገብተው ተከሉት።

«ቪቶ» አሉኝ፣ «ካቡን ወደ እኔ በኩል አዙርላት።»