አንዲት ዜሮ

የኮምፒውተር ባለሙያው ጸሐፊዋን፣ እኔን ማለት ነው፣ በደላት እያሉ የሚያወሩ አሉ አሉ። ከእኔ አፍ አልወጣም። እስቲ ያንን መስኮት ገርበብ አድርጊልኝ እህትዓለም፣ የዛሬው ሙቀት ለጉድ ነው። ወንበርም ቀየሩልሽ? ደግ አደረጉ፤ አራሚ ወገቧ ካለቀ ምን ቀራት?

ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ከግርዶሹ ወዲያ ያለው ባለሙያ እንዲሰማኝ አይደለም። ጆሮሽን የሚያምሽ መስሎኝ ነው። አያምሽም? እሰይ።

እኔ እኮ የተማረ ሰው ስወድ... በተለይ ሳይጠየቅ የሚረዳ። እናንተ በማውስ ስለምትሠሩ አልነካችሁም እንጂ፣ ባለፈው ወር አንድ ደግ ሰው የሁላችንንም የጽሑፍ ፕሮግራም በአዲስ መልክ አስተካክሎልን የለ? እኔ እንደምታውቂው አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጽሐፍ ስተይብ ትእዛዙን ሁሉ የምሰጠው በጣቴ፣ በፊደል ቁልፎቹ ነው። ነጠላ ሰረዟን እነካለሁ፣ ፕሮግራሟ ትጠብቀኛለች፣ «ም»ን ሳስከትል ሥራዬን ታስቀምጥልኛለች። መጠበቅ ከሰለቻት ግን ትእዛዝ መሆኑን ትረሳና «፣ም» ብላ ገጹ ላይ ትጽፈዋለች።

ከዚያ ወር ወዲህ ሰለቻታ። በምተይበው ልቦለድ ውስጥ አንዲት ባልቴት ባሏን እየቀበረች በለቅሶዋ መሃል «፣ም» ትላለች። ደራሲው ደውሎ «ሴትዮዋ ምን እያለች ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምን ልበለው?

አለቃችን ያንኑ ደግ ሰው፣ ባለሙያውን አማከሩ። ባለሙያውም «ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ጣቷ ዘግይቷል» አላቸው። እንዴት ያለ ዕውቀት ነው? ሐኪም እንኳ ደም ያስመረምራል፤ እሱ ኮምፒውተሩንም ሳይከፍት፣ ጣቴንም ሳያይ...

ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ፖስታ መዝጋቢ እንድሆን ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ማን ተየበው? እኔው ነኛ። መሃሉ ላይ «፣ም» ገብቶበት ነበር። አላረምኩትም።

እኔ መቼም ትምህርት አልገፋሁም፤ ያገኘሁትን ማንበብ ነው ልማዴ፣ የመድኃኒት ወረቀት አይቀረኝም። የፕሮግራሟን መመሪያ ሦስት ቀን በምሳ ሰዓቴ አነበብኩት። ለካ የምትጠብቅበት ጊዜ በቁጥር የሚሞላ ነው! መመሪያው አንድ ሺህ ሚሊሴኮንድ ይላል፤ ሙሉ አንድ ሴኮንድ ማለት ነው። የእኔን ብከፍተው... መቶ። አየሽ፣ ሰው ሲቸኩል አንዲት ዜሮ ትወድቅበታለች። መቶው ለጥቅሻ እንኳ አይበቃም።

አፌን ዘግቼ ጠበቅኩ። ዛሬ ጠዋት አለቃችን ባሉበት፣ «እስቲ አንተ ወጣቱ አሳየኝ» አልኩት። ምስኪን፣ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ። አንዴ ነካ፣ «፣ም»። ደገመ፣ «፣ም»። ሠለሰ... ዕድሜ ነው እንዳልል ገና ሠላሳ አልሞላው። ጣቶቹ ደግሞ ሲያምሩ! ሥራ የነካቸው አይመስሉም።

ከዚያ መመሪያውን ገልጬ ቁጥሩን ለአለቃችን አሳየሁ፣ ዜሮዋን መለስኩ፣ ነካሁ። ታዘዘች። አለቃችን ደብዳቤውን ከነ«፣ም»ው ቀደዱት፤ ወንበሬም ወንበሬ ሆኖ ቀረ።

እሱስ ምን አለ ትይኛለሽ? «አንዲት ዜሮ እኮ ናት።» ትሕትናውን አየሽልኝ? ሌላው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ያስጨንቀኝ ነበር። እውነቱንም ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ከአንዲት ዜሮ ይበልጣል እንዴ?

ቂም የለኝም። ትከሻውን ዳበስ አድርጌ፣ አለቃችን እየሰሙ፣ መረቅኩት፦

«እግዜር ዕድሜ ይስጥህ የእኔ ልጅ። ከእኔም ዕድሜ ያድርስህ። ያን ጊዜ ጣትህ ሲዘገይ፣ ሙሉ አንድ ሴኮንድ የሚጠብቅህ ሰው አያሳጣህ።»