አንድ ፊርማ የቀረው መኪና

እሺ፣ ወንበራችሁን ወደዚህ አዙሩ። የመኪና ማንሻው ሊፍት ስር የተቀመጣችሁትም ወጡ፤ ዛሬ እንኳ ጭንቅላታችሁን አትምቱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር፤ ተናድጃለሁ። አለቃችን "በጡረታ ሽኝቱ ላይ ጥሩ ጥሩውን ተናገሪ፣ ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ነው የሠራው" ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ጥሩ ጥሩውን እናገራለሁ፣ ግን እየተናደድኩ ነው የምናገረው። ጋሽ ድገመው፣ ኮፍያዎን ወደ ዓይንዎ አይሳቡ፤ አይቼዎታለሁ።

እኚህ ሰውዬ እዚህ ጋራዥ ሥራ ፈልገው አልመጡም። ደንበኛ ነበሩ! እኔ ያኔ ገና አፌን አልፈታሁም፣ አለቃችን ናቸው የነገሩኝ። ፍሬናቸውን ሊያሠሩ መጡ። መካኒኩ ሠርቶ ጨረሰ። ፔዳሉን ረገጥ አደረጉና "ድገመው" አሉት። ደገመው። ረገጡና አሁንም "ድገመው"። በአራተኛው መካኒኩ ቱታውን አወለቀ፣ እግራቸው ስር ጣለና "እንግዲያው ራስህ ድገመው!" ብሏቸው ወጣ። ያ ሰው ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጋሼም ቱታውን አንስተው አራገፉና ለበሱት።

ስማቸውም በዚያው ወጣ። ሻይ ሲቀዳላቸው "ድገሚው" ነው፣ ቀልድ ሲነገራቸው "ድገመው" ነው። እትዬ፣ እርስዎስ፣ ጋሼ ላግባሽ ሲሉዎት እሺ ቢሏቸው "እስቲ ድገሚው" አላሉዎትም? አያችሁ! ራሳቸው አመኑ።

እኔን የተቀበሉኝ ፔዳል ላይ አስቀምጠው ነው። ከፍሬን ውስጥ አየር ሲወጣ አንድ ሰው ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ጋ ቁጢጥ ብሎ የአየር መውጫውን ብሎን ይፈታል። "ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!" አንድ ወር ሙሉ ከእነዚህ ሌላ ቃል አላወጡም። ቤት ሄጄ በእንቅልፌ "ያዢ!" ብዬ ስጮህ እናቴ ሌባ የገባ መስሏት ተነሥታለች።

የጥርስ ሐኪሙን ታስታውሱታላችሁ? ያችን ያረጀች ቀይ ስፖርት መኪናውን ይዞ ለትራክ ቀን አዘጋጁልኝ ብሎ የመጣውን። እትዬ፣ የትራክ ቀን ማለት ውድድር አይደለም፣ ዋንጫም የለው። ትራፊክ የሌለበት ጠመዝማዛ አስፋልት ላይ መኪናን እስከ ጥጉ መንዳት ነው። በየኩርባው ፍሬን ሲረገጥ፣ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጸሎት ብቻ ነው። እና ሐኪሙ ምን አለ? "ሞላውን ቆርጣችሁ መኪናዋን ዝቅ አድርጉልኝ፣ ፍሬኑንም ቀይ ቀለም ቀቡልኝ።" ጋሼ ቀና ብለው አዩትና "ዶክተር፣ እርስዎ የታመመ ጥርስ ቀለም ቀብተው ነው የሚሸኙት?" አሉት። ሰውየው ደም መሰለ። ከዚያ ግን ሁሉንም በሥርዓቱ አሠራ።

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እንግዲህ ወደ ንዴቴ ልግባ።

በሩ ላይ ያለችውን ወረቀት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የጋሼ የእጅ ጽሑፍ ናት። "ለትራክ የተሠራ መኪና ሌላ ሰው እያንዳንዱን ብሎን በእጁ ፈትሾ ሳይፈርም አይወጣም። ማንም የገዛ መኪናውን አይፈርምም።" መፈረም የምንችለው ደግሞ ሁለት ሰዎች ነን፤ እሳቸውና እኔ። ከነገ ጀምሮ እኔ ብቻ።

ያ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመው ነጭ መኪና የእኔ ነው። በሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ "ታላቄ" እለዋለሁ። ትልልቅ የፍሬን ዲስክ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ፣ በላስቲኩ ቱቦ ፈንታ ብረት የተጎነጎነበት ቱቦ አስገባሁለት። ከስር ጠንካራ ሞላና ሾክ አብዞርበር ገባለት፣ መጋጠሚያው ላይ የደረቀው የላስቲክ ጎሚኒ ሁሉ ተቀየረ። ሥራው ካለቀ ሰባት ወሩ! የቀረው የጋሼ ፊርማ ነው። "ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ።" "ድገሚው።" ሁሉንም ብሎን ፈታሁ፣ አጠበቅኩ። "ድገሚው።" አምስት ጊዜ! ሦስት የትራክ ቀን አመለጠኝ። በስድስተኛው ደሜ ፈላ። "አንተ ሰውዬ!" አልኩዎት። "ሴት ስለሆንኩ ነው? እጄን ስለማታምነው ነው?"

አንተ አልኩዎት። አባቴን እንኳ ብዬው የማላውቀውን፣ ይሄ ሁሉ ሰው እያየ። እርስዎ ምን መለሱ? ጨርቁን ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው "ድገሚው" ብለውኝ ወጡ። ሁለት ወር አኮረፍኩ። እዚህ ያላችሁትም ግማሾቻችሁ "ሸምግለው ከፉ" ስትሉ ነበር፤ አታቀርቅሩ፣ እኔም አብሬያችሁ ብያለሁ።

ማክሰኞ የመጨረሻ ጭቅጭቄን ልጨቃጨቅ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ አልነበሩም፤ እትዬ ሸሚዝ ይተኩሳሉ። ያመጣልኝን ሁሉ ለፈለፍኩባቸው። ትንፋሽ ስወስድ ጠብቀው "ልጄ፣ የዚህን ሸሚዝ ቁልፍ ማን የሚቆልፍለት ይመስልሻል?" አሉኝ። "ሁለት ዓመቱ። ጣቶቹ አይሰሙም። ብሎን ይያዝ አየር ይያዝ አይለየውም።"

ለማንም እንዳትነግሪ ተብዬ ነበር፤ ቅድም ግን እትዬ በጆሮዬ "ንገሪያቸው፣ እኔ አለሁ" አሉኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይናችን የት ነበር? የብሎን ሮንዴላ ከእጃቸው ሲወድቅ ሳቅን። ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን መፍቻ "እጅ እያለኝ ምን ያደርግልኛል" እያሉ የኖሩ ሰው፣ ድንገት ጆሯቸውን አስጠግተው ሲሠሩበት "ጋሼ ዜና እየሰሙ ነው" ብሎ የቀለደው ማን ነው? እኔ ነኝ! አለቃችንስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ ስጦታ ብለው ምን አመጡላቸው? አንድ ሳጥን ሙሉ መፍቻ! አላወቁም፣ እፈርድብዎታለሁ እንዴ? የምፈርደው እዚያ ኮፍያቸው ስር በተደበቁት ሰውዬ ላይ ነው።

"መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንቺ ፈርሚ" ይሉኝ ነበር። ሰነፉ ብዬ ሳማዎት ከረምኩ። የጥርስ ሐኪሙን መኪና የፈረመው ማነው? እኔ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ በር ወጥቶ ትራክ የሄደውን መኪና ሁሉ የፈረመው ማነው? እኔ። እጄን አያምኑትም ብዬ ስጮህብዎት የሰዉን ሁሉ ነፍስ በእኔ እጅ ነበር የላኩት። ልፈርምበት የማልችለው አንድ መኪና ብቻ ነበር፤ የእኔው። ዝም ብለው ጫር አድርገው ሊገላግሉኝ ይችሉ ነበር፣ ማን ያውቅብዎታል? ያልፈተሹትን አልፈርምም አሉ። "እጄ አይሰማም" ማለት ደግሞ አቃተዎት። መሀል ላይ ቆመው "ድገሚው" አሉኝ።

እሱ ነው የሚያንገበግበኝ! አሥራ አንድ ዓመት ያስተማሩኝን ሰው ለሁለት ዓመት ብቻዎን ሲጨነቁ እንዳላይ አደረጉኝ። ብነግራት ታዝንልኛለች ብለው ፈሩ። አዎ፣ አዝን ነበር! ምን አለበት ባዝን? እንደ እርስዎ ያለ ግትር አይቼ አላውቅም፤ እኔም ይህን ሙያ ያወቅኩት ግትር ሰው ስላስተማረኝ ነው። ፍሬኑን ሠርቼ ያቆምኩት መኪና ሁሉ በእርስዎ ነው የቆመው። አመሰግናለሁ። "አንተ" ስላልኩዎትም ይቅር ይበሉኝ።

ንዴቴ ግን አልበረደልኝም፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ወረቀትዎን አበላሽቻታለሁ። "በእጁ ፈትሾ" ከሚለው አጠገብ "ወይም በጆሮው" ብዬ ጨምሬበታለሁ። በእስክሪብቶ ነው፣ አይጠፋም። ብሎኑን እኔ በመፍቻው አጠብቃለሁ፤ እርስዎ ቀጭ ሲል ይሰማሉ። ጆሮዎ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከኋላዎ ካማሁዎት አንድም አላመለጥዎትም። የፍሬን ዘይቱም ሰባት ወር ስለቆመ ይቀየራል፣ አየሩ እንደገና ይወጣል። ጎማው ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ፔዳሉ ላይ እርስዎ። "ይርገጡ! ይያዙ! ይልቀቁ!" እያልኩ በአክብሮት አሠራዎታለሁ። ከዚያ ፈርመው አጠገቤ ይቀመጡና አብረን ትራኩን እንዞራለን። ካልፈረሙ ደግሞ ታላቄ እዚያው ጥግ ይቁም፤ ያለ እርስዎ አልነዳውም።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ጋሼ፣ በሁለት እጅዎ ይያዙት፣ ማንም አይስቅም። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፣ እትዬን ያቆይልዎት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደግሞ ከዚህ በር እንዳይቀሩ!

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ፣ አልሰማሁም።

"ድገሚው"?

እደግመዋለሁ። ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት። እጅዎን ቤት ይተዉትና እግርዎን ይዘው ይምጡ። ለጋሽ ድገመው!