ሐሙስ ከሰዓት እገኛለሁ

ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንዲት እናት ከኋላዬ ተቀምጠዋል። እናትየዋ ስለ ትምህርቷ ጠየቋት።

"ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፣ እማማ። ግን የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያማክረኝ መምህር አይገኝም።"

"ቢሮ የለውም እንዴ?"

"አለው። በሩ ላይ 'ሐሙስ ከሰዓት እገኛለሁ' ብሎ ለጥፏል። ሐሙስ ሐሙስ ደጁ ላይ ቆመን እናመሻለን። በቴሌግራም ስንጽፍለት አንብቦ ዝም ነው።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"እሱ የሚያማክራቸውን ሁሉ አሰባሰብኩና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋ ሄደን አቤት አልን። ኃላፊው 'ማን ነው ያሳደማችሁ?' ሲለን እኔ እጄን አወጣሁ።"

"ውይ የኔ ልጅ! መምህሩ ቂም ቢይዝብሽስ?"

"ይያዝ! ትናንት ራሱ ደወለልኝ። 'ክሱን ተይውና ጽሑፍሽን ለብቻሽ አምጪው፤ አይልሻለሁ' አለኝ።"

"ጎሽ! እሺ አልሽው አይደል?"

"አላልኩትም። 'ነገ ሐሙስ ነው፤ ይምጡና ሁላችንንም ያነጋግሩን' አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ቢሆንም ዛሬ ሁላችንም ደጁ ላይ ነን።"

"ካልመጣስ? ምረቃው ቢያመልጥሽ እናትሽ ምን ትላለች?"

"ነግሬያታለሁ። 'ለብቻሽ ከምትገቢ ከጓደኞችሽ ጋር ደጅ ቁሚ' አለችኝ።"



መናኸሪያ ስንደርስ ከመቀመጫዬ ተነሳሁና ተማሪዋ ቀድማ እንድትወርድ መንገድ ለቀቅኩላት።